“አጥንቱ አይበቃም” ሲባል፦ ከጥርስ ኢምፕላንት በፊት ስለሚሠራው የአጥንት ግራፍት

ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ግራጫ ምስል ነው። የራሴ የታች መንጋጋ፣ ከላይ ወደ ታች በስሱ ተቆርጦ። ማውዟን ሁለት ቦታ ጠቅ አደረገች። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ቢጫ መስመር ተሰመረ፤ አጠገቡ ቁጥር ወጣ፦ 3.8።

“ሚሊ ሜትር ነው” አለችኝ። “ጥርሱን ያስነቀሉት መቼ ነው?”

“ሦስት ዓመት አልፎታል።”

“ያን ጊዜ ስለ አጥንቱ የነገረዎት ሰው አልነበረም?”

አልነበረም። ጥርሱን የነቀለልኝ ባለሙያ ጥጥ አስነክሶ፣ ማስታገሻ አዝዞ፣ “ደሙ እስኪቆም አጥብቀው ይንከሱ” ብሎ ነው የሸኘኝ። እኔም የሄደብኝ አንድ ጥርስ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ጥርሱን ተከትሎ አጥንቱም ሹልክ እያለ ሲሄድ ከርሟል። አሁን ማማረሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ግን ገና ጥርስ ልታስነቅሉ ያሰባችሁ፣ ወይም “ኢምፕላንት ይቻላል፣ አጥንቱ ግን አይበቃም” ተብላችሁ ግራ የገባችሁ ካላችሁ፣ የጎደለውን አጥንት የመሙላቱን ሥራ፣ የአጥንት ግራፍት የሚባለውን፣ ከሥሩ እንየው።

መጀመሪያ ሒሳቡ። የጥርስ ኢምፕላንት አጥንት ውስጥ የሚቀበር ትንሽ የታይታኒየም ብሎን ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። እሱ ላይ ማገናኛ ይታሰራል፤ ማገናኛው ላይ የሚታየው ጥርስ ይገጠማል። ብሎኑ ዙሪያውን በአጥንት መታቀፍ አለበት። በየጎኑ ቢያንስ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ በጉንጭና በከንፈር በኩል ደግሞ 2 ቢገኝ ይመረጣል። እንግዲህ ደምሩት። 4 ሚሊ ውፍረት ላለው ብሎን 7 ሚሊ ያህል አጥንት ያስፈልጋል። እኔ ያለኝ 3.8። ብሎኑ ራሱ ከአጥንቱ ይሰፋል!

“ታዲያ ትንሽ ወጣ ቢል ምን አለበት?” የሚል አይጠፋም። እኔም ብያለሁ። መልሱ ኢምፕላንት እንዴት እንደሚይዝ ከማወቅ ይጀምራል። ታይታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ የደም ዝውውርን ለማጥናት ጥንቸሎች እግር አጥንት ውስጥ ከታይታኒየም የተሠራ መመልከቻ ቀበረ። ሥራው ሲያልቅ ሊያወጣው ቢል እምቢ አለው። አጥንቱ ጨብጦታል። በ1965 ደግሞ የመጀመሪያውን ሰው በዚሁ ዘዴ አከመ። ያ ታካሚ ከ40 ዓመት በኋላ ሲሞት ኢምፕላንቶቹ አሁንም ያገለግሉት ነበር። ብሎኑን ለዓመታት የሚይዘው ሙጫ ወይም የብሎኑ ጥርስ አይደለም ማለት ነው። ሕያው አጥንት ነው። አጥንቱ የጎደለበት በኩል ቀስ በቀስ ድዱ ይሸሻል፣ ብረቱ ብቅ ይላል፣ ባክቴሪያ መግቢያ ያገኛል።

አጥንቱ ግን ለምን ይሄዳል?

ጥርስ ግድግዳ ላይ እንደተመታ ሚስማር አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል ከወረቀት ብዙም የማይወፍር ጅማት አለ። ባኘክን ቁጥር ጥርሱ ለዐይን በማይታይ መጠን ይነቃነቃል፤ ጅማቱም ግፊቱን ለአጥንቱ ያደርሳል። ከሥሩ ጋር በቀጥታ የተያያዘው የአጥንት ክፍል የሚኖረው ለጥርሱ ሲል ብቻ ነው። ጥርሱ ሲነቀል ጅማቱም አብሮ ይሄዳል። ያ አጥንት ሥራ ፈታ ማለት ነው።

አጥንት እንደ ድንጋይ ባለበት የሚኖር ነገር ይመስለናል። አይደለም። ውስጡ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉ። አንደኞቹ ያፈርሳሉ፤ ሌሎቹ ይሠራሉ። ሥራ እስካለ ድረስ ሁለቱ ተመጣጥነው ይኖራሉ። ሥራው ሲቀር አፍራሾቹ ይበረታሉ። ሰው የለቀቀውን ቤት አይታችሁ ከሆነ ያው ነው። ማንም በዶማ አልመታውም፤ ግን ከዓመት ዓመት ይዘማል።

ፍጥነቱ ያስደነግጣል። አንድ መንጋጋ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የአጥንቱ ስፋት በአማካይ በግማሽ ገደማ ሊቀንስ ይችላል። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚሄደው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። እኛ “ቁስሉ ይዳን፣ ከዚያ እናስብበታለን” በምንልበት ጊዜ ማለት ነው። ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው የውጪው ግድግዳ ነው፤ በከንፈርና በጉንጭ በኩል ያለው። ይህ ግድግዳ ድሮም ስስ ነው። በላይ የፊት ጥርሶች ላይ በአብዛኛው ሰው 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አጥንቱ መጀመሪያ ይጠባል፣ ቀጥሎ ያጥራል።

መጥበቡን ተራ ኤክስሬይ አያሳይም። መጽሐፍን ከፊት ለፊት ብታዩት ቁመቱን ታያላችሁ፤ ውፍረቱን ግን አታዩም። ሙሉ መንጋጋን በአንድ ጠፍጣፋ ምስል የሚያሳየው የተለመደው ኤክስሬይም እንዲሁ ነው። ለዚህ ነው ኮን ቢም ሲቲ የሚባለው፣ ጭንቅላታችሁን እየዞረ የሚያነሳው ማሽን የሚያስፈልገው። ውፍረቱን፣ በታች መንጋጋ ውስጥ የሚያልፈውን የነርቭ መስመር፣ ላይ ደግሞ የሳይነሱን፣ ከላይ መንጋጋ ጥርሶች በላይ ያለውን ባለ አየር ክፍት ቦታ፣ ወለል በሚሊ ሜትር ያሳያል። ይህን ሳያይ “ችግር የለም፣ ይገባል” የሚል ካለ እኔ በበኩሌ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም።

ጥርስ ከመነቀሉም በፊት አጥንት የሚበላባቸው መንገዶች አሉ። የቆየ የድድ በሽታ፣ ሥሩ ጫፍ ላይ ለወራት የተቋጠረ መግል፣ የተሰነጠቀ ሥር፣ የአደጋ ጉዳት። ለዓመታት የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደረጉ ሰዎች “መጀመሪያ ልክ ነበር፣ አሁን ይንሸራተታል” የሚሉትም ለዚሁ ነው። ጥርሱ አልሰፋም። ከሥሩ ያለው አጥንት ነው የቀነሰው።

ስሙ ያሳስታል

“አጥንት ይተከልልዎታል” ስባል በዐይነ ሕሊናዬ የታየኝ እንደ ጡብ ተቆርጦ የሚገባ ነገር ነበር። በሥራው ቀን ያየሁት ግን አውራ ጣት የምታክል ብልቃጥ ናት። ውስጧ ነጭ፣ ሻካራ አሸዋ የመሰለ ነገር አለ። ሐኪሟ ትንሽ ዕቃ ላይ ገለበጠችው፤ ከራሴ ቁስል የተቀዳ ደም ጠብ አደረገችበት። ሮዝ ሆነ። ተጣበቀና እርጥብ አሸዋ መሰለ። በትንሽ ማንኪያ እያነሳች አጥንቱ ጎን ላይ ጠቀጠቀችው።

ያ አሸዋ አጥንት አልሆነም። ወደፊትም ራሱ አጥንት አይሆንም። ሥራው ቦታ መያዝ ነው። ግንበኞች ቆመው የሚሠሩበትን መወጣጫ አስቡ። መወጣጫው ቤት አይደለም፤ ያለ እሱ ግን ግድግዳው አይነሳም። በቅንጣቶቹ መካከል ደም ይረጋል። በረጋው ደም ውስጥ ከአሮጌው አጥንት የተነሱ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይሰርጋሉ። የደም ሥሮቹን ተከትለው አጥንት ሠሪ ሴሎች ይመጣሉ፤ ቅንጣቶቹ ላይ ይሰፍራሉ፤ አዲስ አጥንት ይደርባሉ። ቅንጣቱ ራሱ እንደ ዓይነቱ በወራት ይሟሟል፣ ወይም በአዲሱ አጥንት ተከብቦ ለዓመታት እዚያው ይቆያል።

ስለዚህ አጥንቱን የሚሠራው ሐኪሙ አይደለም፤ የገዛ ሰውነታችሁ ነው። ይህ ከገባችሁ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል። ለምን ወራት እንደሚፈጅ፣ ለምን ሲጋራ እንደሚከለከል፣ ለምን ቦታውን በምላስ መነካካት ክፉ እንደሆነ።

ሰውነት ይህን ሥራ እንዲጀምር የሚቀሰቅሰው ነገር መኖሩንም የምናውቀው ከ1965 ወዲህ ነው። ብሮኔማርክ የመጀመሪያውን ሰው ባከመበት በዚያው ዓመት አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ማርሻል ዩሪስት ማዕድኑ በአሲድ የወጣለትን አጥንት እንስሳት ጡንቻ ውስጥ ቀበረ። በጡንቻው መሐል አዲስ አጥንት በቀለ። አጥንት ውስጥ “እዚህ ሥሩ” ብሎ የሚያዝ ፕሮቲን እንዳለ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱ ግኝቶች በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ብልቃጧ ውስጥ ያለው ነገር ከየት እንደመጣ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ምንጩ አራት ዓይነት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚመረጠው የራስ አጥንት ነው። ሕያው ሴሎችም፣ አዛዡ ፕሮቲንም፣ መወጣጫውም አብረው ስላሉት። ከአገጭ ወይም ከኋለኛው የመንጋጋ ጥግ ይወሰዳል፤ ጉድለቱ በጣም ሰፊ ከሆነ ከዳሌ። መዘዙ ሁለተኛ ቁስል መኖሩ ነው። ከአገጭ ሲወሰድ የታች የፊት ጥርሶች ለወራት የመደንዘዝ ስሜት ሊኖራቸው ይችላል። ሁለተኛው ከሞተ ለጋሽ ሰው የተወሰደ፣ ተመርምሮና ታጥቦ የተዘጋጀ አጥንት ነው። ሦስተኛው ከእንስሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከከብት፣ አንዳንዴም ከአሳማ። ከከብቱ ፕሮቲኑ ሁሉ ወጥቶ ማዕድኑ ብቻ ይቀራል። በጣም ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ቅርጽ በመጠበቅ የታወቀ ነው። አራተኛው በፋብሪካ የሚሠራው የካልሲየም ፎስፌት ቅንጣት ነው። በእምነት ወይም በግል አቋም ከአሳማ ወይም ከሌላ ሰው የመጣ ነገር የማትፈልጉ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሌላ አማራጭ አለ። ሐኪሙ ሳይጠየቅ ላይነግራችሁ ይችላል፤ ክፋት ሆኖ ሳይሆን ለእሱ የዕለት ሥራ ስለሆነ።

“ሰውነቴ ባይቀበለውስ?” የሚለውን ጥያቄ ብዙ ሰው ያነሳል። እንደ ኩላሊት ንቅለ ተከላ አይደለም። ከሌላ ሰው ወይም ከእንስሳ የመጣው ቅንጣት ሕያው ሴል የለውም፤ ስለዚህ ሰውነት የሚዋጋው ባዕድ ሴል የለም። ግራፍት ሲከሽፍ ሰበቡ በአብዛኛው ሌላ ነው። ኢንፌክሽን፣ የስፌቱ መከፈት፣ ወይም ቅንጣቶቹ ቦታቸውን ይዘው አለመርጋታቸው።

ድድና አጥንት ሲሽቀዳደሙ

ቅንጣቱን ጠቅጥቆ መስፋት ብቻ አይበቃም። ድድ ፈጣን ነው። ቁስል ባየ ቁጥር በቀናት ውስጥ ሮጦ ይሞላዋል። አጥንት ግን ዘገምተኛ ነው፤ ወራት ይፈልጋል። ለእሽቅድምድም ከተለቀቁ ድዱ ያሸንፋል፤ ያ ቦታ በአጥንት ፋንታ በሥጋ ይሞላል። ብሎን ደግሞ ሥጋ ላይ አይቆምም።

ዘዴው መሐላቸው መጋረጃ መጋረድ ነው። ከቅንጣቱ በላይ፣ ከድዱ በታች ስስ ሽፋን ይነጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ራሱ ይሟሟል። ቅርጹ እንዳይሰምጥ ጥንካሬ ሲያስፈልግ በታይታኒየም የተደገፈ የማይሟሟ ዓይነት ይደረጋል፤ እሱን በኋላ ማውጣት ግድ ነው። እኔ ላይ የተነጠፈው ኮላጅኑ ነበር። ደረቅ ሳለ ወፍራም ወረቀት ይመስላል። ደም ሲነካው ለስልሶ አጥንቱ ላይ ተለጠፈ። ሐኪሟ በሁለት ጥቃቅን ስፒሎች ወጠረችው።

“እንዳይንቀሳቀስ ነው” አለችኝ። “ከተንቀሳቀሰ ልፋታችን ከንቱ ነው።”

ሥራው እንደ ጉድለቱ ይለያያል

ቀላሉ የሚሠራው ጥርሱ በተነቀለበት ቀን ነው። ባዶው ጉድጓድ ይጠረጋል፣ በቅንጣት ይሞላል፣ ይሸፈናል። በአንድ ማደንዘዣ ሁለት ሥራ። መቀነሱን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ የትኛውም ሐኪም እንደዚያ ብሎ ቃል ሊገባ አይገባም። ግን ጉልህ አድርጎ ይቀንሰዋል፤ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ኢምፕላንት የሚቀበል ቦታ ይተዋል። እኔ ላይ ይህ ቢሠራ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ጊዜው አልፎ አጥንቱ ሲጠብ የሚመጣው እኔ የተሠራልኝ ዓይነት ነው፤ ጎኑን ማስፋት። ጉድለቱ ሲከፋ ደግሞ በቅንጣት ፋንታ የራስ አጥንት እንደ ትንሽ ሰሌዳ ተቆርጦ በብሎን ይታሰራል። ወደ ጎን ማስፋትም ቀላል አይደለም፤ ወደ ላይ ማስረዘም ግን ከእሱም ይብሳል። ድዱ ተስቦ ሊሸፍነው ይቸገራል፤ የስፌት መከፈትም የሚበዛው እዚያ ላይ ነው። “ቁመቱን ብዙ እጨምርልዎታለሁ” የሚል ሐኪም ሲያጋጥማችሁ ስንት እንደዚህ ያለ ሥራ እንደሠራ ጠይቁት።

በላይኛው መንጋጋ የኋላ ጥርሶች ላይ የሚሠራው ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ከጉንጭ አጥንት ጀርባ፣ ከመንጋጋ ጥርሶቹ ሥር በላይ፣ በአየር የተሞላ ክፍት ቦታ አለ። ሳይነስ ይባላል። መንጋጋ ጥርሶቹ ሲነቀሉ የሳይነሱ ወለል ወደ ታች ይወርዳል፤ አጥንቱ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይሸሻል። ከላይም ከታችም ተበልቶ ሁለት ሦስት ሚሊ ብቻ የሚቀርበት ሰው ብዙ ነው። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካዊው ሐኪም ሒልት ቴተም የተጀመረው ሳይነስን የማንሳት ሥራ ነው።

የሳይነሱ ውስጥ በስስ ቆዳ ተለብጧል። እንቁላል ሲላጥ ከቅርፊቱ ሥር የምትገኘውን ስስ ቆዳ ታውቋታላችሁ? እሷን ይመስላል። ሐኪሙ በጎን በኩል አጥንቱ ላይ ትንሽ መስኮት ይከፍታል፤ ያን ቆዳ ሳይቀድ ከአጥንቱ እያላቀቀ ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ከሥሩ በተፈጠረው ኪስ ውስጥ ቅንጣቱን ይሞላል። ጀማሪ ሐኪሞች እጃቸውን የሚያፍታቱት በእውነተኛ እንቁላል ላይ ነው። ቅርፊቱን እየፋቁ ቆዳዋን አለመቅደድ። ልምድ ባለው ሰው እጅ እንኳ ቆዳው ይቀደዳል፤ ከ5 ሰው 1 ላይ ገደማ እንደሚያጋጥም በሙያው የታወቀ ነው። ትንሽ ቀዳዳ በኮላጅን ይጣፋል። ሰፊ ከሆነ ሥራው ይቋረጥና ከወራት በኋላ ይደገማል። ያኔ ቁጭ ብሎ መናደድ አይገባም፤ ማቆም ማወቁ ጥሩ ሐኪም መሆኑን ነው የሚያሳየው። የቀረው አጥንት 5 ሚሊ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መስኮት መክፈትም ላያስፈልግ ይችላል፤ ኢምፕላንቱ በሚገባበት ቀዳዳ በኩል ወለሉን ቀስ አድርጎ መግፋት ይቻላል። መስኮት ለተከፈተበት ሳይነስ ግን ከ6 እስከ 9 ወር መጠበቅ የተለመደ ነው።

ሕመሙና ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት

ሥራው በአብዛኛው በአካባቢ ማደንዘዣ መርፌ ነው የሚሠራው። መገፋትና መንቀጥቀጥ ይሰማል፤ ሕመም አይሰማም። እውነቱን ለመናገር ከመንቀሉ የከፋ አልነበረም። እብጠቱ ግን ያስደነግጣል። በማግስቱ ሳይሆን በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው ጣራ የሚነካው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ባይኖር ኖሮ “አበቃልኝ” ብዬ ነበር የምሮጠው። ከ3ኛው ቀን በኋላ መጉደል አለበት። ከዚያ በኋላ እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፣ ትኩሳት፣ መግል ወይም የማይለቅ የከንፈር መደንዘዝ ካለ ሐኪሙ ዘንድ ሳይውል ሳያድር መመለስ ነው።

ጥቂት ቅንጣቶች አፋችሁ ውስጥ እንደ አሸዋ ኮሽ ኮሽ ቢሉ አትደንግጡ። ጥቂቶች ሁልጊዜ ያመልጣሉ። በብዛት ከወጣ ግን ስፌቱ ተከፍቶ ይሆናል።

ከንፈራችሁን በጣታችሁ ስባችሁ በመስታወት አትዩት። ሁላችንም እናደርገዋለን። ስፌት የሚበጥሰው ግን እሱ ነው። በኃይል መትፋት፣ በስትሮ መጠጣት፣ ቦታው ላይ የሚወልቅ ጥርስ ማሳረፍም ያው ነው። ሳይነስ የተሠራለት ሰው ደግሞ ለሳምንታት አፍንጫውን መናፈጥ የለበትም። ማስነጠስ ከመጣ አፍን ከፍቶ ማስነጠስ፤ አለበለዚያ ግፊቱ በቀጥታ ያቺን ስስ ቆዳ ነው የሚመታት።

ማን ይጠንቀቅ?

ሲጋራ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። ኒኮቲን ጥቃቅን የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ግራፍቱ ደግሞ የሚኖረው በእነሱ ነው። ቀደም ሲል ያልነው አሸዋ ደም ካልደረሰው አሸዋ ሆኖ ይቀራል። ከሥራው በፊት ቢያንስ አንድ ሁለት ሳምንት፣ በኋላም ለሁለት ወር ያህል መተው ግድ ነው። “ቀንሻለሁ” ማለት አይሠራም።

ስኳር ያለበት ሰው መሠራት አይችልም ማለት አይደለም። ስኳሩ ቁጥጥር ሥር ካልሆነ ግን ቁስሉ ይዘገያል፤ ኢንፌክሽንም ይቀርበዋል። የ3 ወሩን አማካይ ውጤት ይዞ መሄድ ጥሩ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነው። ለአጥንት መሳሳት ወይም ወደ አጥንት ለተሰራጨ ካንሰር የሚታዘዙ መድኃኒቶች አሉ፤ እንደ አሌንድሮኔት፣ ዞሌድሮኒክ አሲድና ዴኖሱማብ ያሉ። አፍራሽ ሴሎችን ስለሚገቱ መንጋጋ ላይ ቁስል ሲከፈት አጥንቱ ሳይድን ሊሞት ይችላል። አደጋው በተለይ በደም ሥር በከፍተኛ መጠን ለሚወስዱት ይበልጣል። አንዳንዶቹ በዓመት አንዴ የሚሰጡ መርፌዎች ስለሆኑ “መድኃኒት ይወስዳሉ?” ሲባል ሰው “አልወስድም” ይላል። ተናገሩ። በራሳችሁ ፈቃድ ግን አታቋርጡ፤ መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪምና የጥርስ ሐኪሙ ይነጋገሩበት። ጭንቅላትና አንገታቸው አካባቢ የጨረር ሕክምና የወሰዱ ሰዎችም እንዲሁ።

ደግሞ ግራፍት ሁሌም ግዴታ አይደለም። ጉድለቱ ትንሽ ከሆነ ኢምፕላንቱና ግራፍቱ በአንድ ቀን ሊሠሩ ይችላሉ። 6 ሚሊ ርዝመት ያላቸው አጫጭር ኢምፕላንቶች አሉ፤ ቁመት ብቻ ሲጎድል ብዙ ሰው ከከባድ ቀዶ ሕክምና ያድናሉ። ሁሉም ጥርሶች ለሌሉት ሰው ብሎኖቹን ዘንበል አድርጎ ሳይነሱን ማለፍ ይቻላል። ሁለቱ ጎረቤት ጥርሶች ድሮውንም ክራውን (ጥርሱን የሚያለብስ ሽፋን) የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ብሪጅ፣ ማለትም እነሱ ላይ ተደግፎ ባዶውን ቦታ የሚሞላ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የተሻለ ሊሆን ይችላል። “ግራፍት ያስፈልጋል” ስትባሉ “ባይሠራስ ምን አማራጭ አለኝ?” ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። መልስ የሌለው ሐኪም ከሆነ ስካኑን ይዛችሁ ሌላ ዘንድ አሳዩ። ስካኑ የእናንተ ነው።

ጥርስ ልታስነቅሉ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው አንድ ነው፤ ከማደንዘዣው መርፌ በፊት የሚጠየቅ። “ወደፊት እዚህ ቦታ ላይ ኢምፕላንት ልፈልግ እችላለሁ። ጉድጓዱን ዛሬ መሙላት ያስፈልጋል ወይ?” መልሱ “አያስፈልግም” ሊሆን ይችላል። የመጨረሻ የጥበብ ጥርስ ከሆነ ማንም እዚያ ኢምፕላንት አይተክልም። መግል የሞላበት ቦታ ከሆነም ሐኪሙ መጀመሪያ ይጽዳ ሊል ይችላል። ብቻ ይጠየቅ።

እኔ 6 ወር ጠበቅሁ። ምንም አይታይም፣ ምንም አይሰማም። በምላሴ ስዳስሰው ድዱ ወፈር ያለ ይመስለኛል፣ ከዚያ ደግሞ ምኞቴ ነው እላለሁ። በቀጠሮዬ ዕለት ያው ማሽን ዞረኝ። ሐኪሟ ያንኑ ቢጫ መስመር አሰመረች። 7.2።

መሰርሰሪያው ሲገባ የምጠብቀው የአሸዋ ድምፅ ነበር። የሰማሁት እንጨት ሲበሳ የሚሰማውን ዓይነት ድፍን ድምፅ ነው። ብሎኑን በእጅ በሚዞር መፍቻ አጠበቀችው፤ መፍቻው ላይ ቁጥር አለ፣ ምን ያህል እንደያዘ የሚለካ። 35 ላይ ቀጭ ብሎ ቆመ።

“ጨብጧል” አለችኝ፣ ጓንቷን እያወለቀች። ከዚያ ቀጠሮ መያዣውን ገለጠች። “አሁን ደግሞ 3 ወር።”